ማስገባቱ ቀላል ነው፤ ጣጣው ማውጣቱ ላይ ነው

ባሕር ዳር ባደግኩበት ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ነበረን። የቧንቧ ውኃ ሲጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ የሚቀዳው ከእሱ ነው። ታዲያ በሁለት በሦስት ወር አንዴ ገመዱ ይበጠስና ባልዲው እዚያው ይቀራል። ያኔ አባቴ ሦስት ጣት ያለው የብረት መንጠቆ በረጅም ገመድ ያስርና ጉድጓዱ አፍ ላይ ይንበረከካል። ባትሪ የማበራው እኔ ነኝ።

ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መንጠቆውን ማውረድ፣ የባልዲውን እጀታ መያዝ፣ መጎተት፤ በቃ። ግን ገመዱ ይወዛወዛል፤ መንጠቆው ይሽከረከራል። ባልዲው ደግሞ ቀጥ ብሎ አይጠብቃችሁም፤ ዘሞ፣ እጀታው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ወይም ጭቃ ውስጥ ገብቶ ታገኙታላችሁ። አንዳንዴ አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሙሉ ከሰዓት ይፈጃል። አባቴ ላቡን እየጠረገ የሚላት ነገር ነበረች፤ "መጣሉንማ ማንም ይጥላል።"

እናላችሁ፣ ያ ጉድጓድና ያ ባልዲ ከሃያ ዓመት በኋላ አሜሪካ ድረስ ተከትለውኝ መጡ። አሁን የምኖረው ሚኒያፖሊስ አካባቢ ነው። በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የሕክምና መሣሪያዎች ሙከራ ቴክኒሽያን ነኝ። ምን ትሠራለህ ስባል ለማስረዳት ስለሚያስቸግረኝ ባጭሩ "ከሰው የደም ሥር ውስጥ የቀረ ነገር የሚያወጣ መሣሪያ እንሞክራለን" እላለሁ። የሚቀረው ነገር የደም ሥር ማጣሪያ ይባላል፤ እዚህ ሁሉም የሚጠራው "ፊልተር" ብሎ ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ሥራ ብቻ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን አክስቴ ደወለች።

"ሆዴ ውስጥ ብረት ምን ይሠራል?"

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ስትደውል መጀመሪያ ሰላምታው፣ ከዚያ የአገር ቤት ወሬ፣ ከዚያ "መቼ ነው የምታገባው" ነው ቅደም ተከተሉ። ያን ቀን ግን ሰላምታም የለ።

"አንተ ልጅ፣ ሐኪሙ ሆድሽ ውስጥ ብረት አለ አለኝ። ሆዴ ውስጥ ብረት ምን ይሠራል?"

ወገቧንና ሆዷን እያመማት ስለከረመ ሲቲ ስካን ታዝዞላት ነበር። ምስሉን የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ላከልኝ። ከፍቼ ሳየው እጄ ቀዘቀዘ። በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ የማየው፣ በመቆንጠጫ የማነሣው፣ በመለኪያ የምለካው ነገር እቴቴ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። ያውም ዘሞ። ጫፉ የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ ከእግሮቹ አንዱ ግድግዳውን አልፎ ወደ ውጭ ወጥቷል።

ነገሩ ቀስ በቀስ ተገጣጠመልን። ከአራት ዓመት በፊት የመኪና አደጋ ደርሶባት ነበር። ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ጭንቅላቷም ውስጥ ደም ፈስሶ ሦስት ሳምንት ተኛች። በዚያ መሐል እግሯ ውስጥ ደም ረጋ። ማቅጠኛ እንዳይሰጧት ጭንቅላቷ ደምቷል። ስለዚህ ፊልተር አስገቡላት። ወረቀቱን የፈረመው ልጇ ነው፤ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ምን እንደፈረመ እንኳ አያስታውስም። ከሆስፒታል ወጣች፣ ማገገሚያ ገባች፣ ኢንሹራንሷ ተቀየረ፣ ሐኪሟ ተቀየረ። ፊልተሩ ግን እዚያው ነበር። "ጊዜያዊ ነው" ተብሎ የገባ ነገር አራት ዓመት ኖረ።

ለመሆኑ ይሄ ፊልተር ምንድን ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ከእግር ነው። ሰው አጥንቱ ሲሰበር፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ፣ ለረጅም ጊዜ ሲተኛ፣ በእግር ውስጥ ባሉት ደም መላሽ ሥሮች ደም ሊረጋ ይችላል። ረጅም ጉዞም አንዱ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቁጭ ብሎ መጓዝ ይህንን አደጋ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ለጤነኛ ሰው አደጋው አሁንም ትንሽ ነው፤ ከ6,000 ሰው አንዱ ገደማ። ግን አለ።

የረጋው ደም እግር ውስጥ ቢቀመጥ አንድ ነገር ነው። ችግሩ ተቆርሶ መሄዱ ነው። በትልቁ ደም መላሽ ሥር ሽቅብ ይወጣል፣ ልብን ያልፋል፣ ከዚያ ሳንባ ላይ ሄዶ ይወተፋል። ትልቅ ከሆነ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ዋናው ሕክምና ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ነው። ነገር ግን እንደ እቴቴ ሌላ ቦታ ደም እየፈሰሰው ላለ ሰው ማቅጠኛ መስጠት እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

ያኔ ነው ፊልተሩ የሚመጣው። ጨርቁ የተገፈፈ ጃንጥላ አስቡ፤ የቀሩት ሽቦዎቹ ብቻ ናቸው። ርዝመቱ የትንሿን ጣት ያህል ነው። ታጥፎ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይገባና በአንገት ወይም በብሽሽት በኩል ወደ ትልቁ ደም መላሽ ሥር ይላካል። ያ ሥር ከእግርና ከሆድ ደም ሰብስቦ ወደ ልብ የሚወስደው ነው፤ ስፋቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ። ፊልተሩ ከቱቦው ሲወጣ ይዘረጋል፣ እግሮቹ ግድግዳውን ይይዛሉ። ደም ያልፋል፤ የረጋው ጓል ግን ይያዛል። እንደ ሻይ ማጥለያ በሉት። ሆድ አይከፈት፣ ሰፊ ቁስል የለ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

ሐሳቡ ከነዳጅ ሰፈር መምጣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ላዛር ግሪንፊልድ የሚባል የአሜሪካ ቀዶ ሐኪም በኦክላሆማ ሲሠራ፣ ሳንባቸው ላይ ደም ረግቶ የሚሞቱ ታካሚዎች ጉዳይ እንቅልፍ ነሳው። ጋርማን ኪሜል ከሚባል የነዳጅ መሣሪያዎች መሐንዲስ ጋር ተቀመጡ። በነዳጅ ቧንቧ ውስጥ ቆሻሻን የሚይዝ፣ ፍሰቱን ግን የማያቆም ነገር ለኪሜል አዲስ አልነበረም። መልሱ ቅርጹ ላይ ነበር፤ ኮን። እ.ኤ.አ. በ1973 ፊልተሩን ይፋ አደረጉት።

ኮኑ ለምን በለጠ? የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው። ኮኑ ከጫፉ ጀምሮ እስከ 70 በመቶ ቁመቱ በረጋ ደም ቢሞላ፣ የተዘጋው የደም መተላለፊያ ስፋት 0.7 በ0.7 ተባዝቶ 0.49 ነው። ከግማሽ በታች መሆኑ ነው። ቀሪው ደም በጎንና በጎን ማለፉን ይቀጥላል። ከዚያ በፊት የነበረው ባለ ጃንጥላ ቅርጽ ማጣሪያ ግን ራሱ እየተደፈነ ያስቸግር ነበር።

ገብቶ መቅረት

የግሪንፊልድ ፊልተር የተሠራው እዚያው ሊኖር ነው፤ ቋሚ ነው። ግን ብዙ ሰው ፊልተር የሚያስፈልገው ለሳምንታት ብቻ ነው። ድማቱ ሲቆም ማቅጠኛውን ይጀምራል፤ ከዚያ ብረቱ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ሊወጡ የሚችሉ ፊልተሮች መጡ፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እና ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፊው ተሠራባቸው። ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ ትንሽ መንጠቆ አላቸው። እጀታ በሉት።

እንግዲህ ሰው "ሊወጣ ይችላል" ሲባል "ይወጣል" ብሎ ይሰማል። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ፣ ሊወጡ ከሚችሉት ፊልተሮች የወጡት በአማካይ 34 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ከሦስቱ ሁለቱ ቀርተዋል ማለት ነው። የተወሰኑት በምክንያት ነው የቀሩት፤ ሕመምተኛው አሁንም ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ ግን ልክ እንደ እቴቴ ተረስተው ነው። አስገቢው አንድ ሐኪም፣ ተከታታዩ ሌላ፣ ሕመምተኛው የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

ቢቀርስ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ የሆነ የፈረንሳይ ጥናት 400 ሕሙማንን ተከታትሏል። ፊልተር የገባላቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት ሳንባቸው ላይ ደም የመርጋት ዕድሉ ቀንሶላቸዋል፤ 4.8 በመቶ ከነበረው ወደ 1.1 በመቶ። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን እግራቸው ላይ እንደገና ደም የረጋባቸው 20.8 በመቶ ሆኑ፤ ፊልተር ከሌላቸው 11.6 በመቶ ነበሩ። በሞት ቁጥር ልዩነት አልታየም። ባጭሩ፣ በመጀመሪያ የሚጠብቃችሁ ብረት ሲቆይ ራሱ ጣጣ ይሆናል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከ2005 ጀምሮ 921 ሪፖርቶች ደርሰውታል። 328ቱ ከቦታው የተንቀሳቀሰ ፊልተር ነው፤ 146ቱ ቁራጩ ተነጥሎ ሌላ ቦታ የሄደ፤ 70ው የደም ሥሩን የበሳ፤ 56ቱ የተሰበረ። በ2014 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በስሌት ላይ ተመሥርቶ እንዲህ አለ፦ የሳንባው ስጋት ካለፈ፣ ከ29ኛው እስከ 54ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማውጣቱ ከማቆየቱ ይሻላል።

29 ቀን። እቴቴ አራት ዓመት።

መንጠቆውን ይዞ መቆም

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንመለስ።

ፊልተር ሲወጣ ሐኪሙ በአንገት ደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባል። በቱቦው ውስጥ ሸምቀቆ ያለው ሽቦ ይወርዳል። ሸምቀቆው የፊልተሩን መንጠቆ ይይዛል። ከዚያ ሌላ ሰፋ ያለ ቱቦ እንደ ሰገባ በላዩ ላይ ይገፋል፤ ፊልተሩ እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ሰገባው ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። ፊልተሩን ጎትቶ ወደ ሰገባው ማስገባት ሳይሆን፣ ፊልተሩን ባለበት አጥብቆ ይዞ ሰገባውን ወደ እሱ ማምጣት ነው። ዝም ብለህ ከጎተትክ የደም ሥሩ ግድግዳ አብሮ ይመጣል።

ፊልተሩ አዲስ ከሆነና ቀጥ ብሎ ከቆመ ይሄ ሁሉ ደቂቃዎች ነው። ጣጣው ሲዘም ነው። የዘመመ ፊልተር መንጠቆው ግድግዳውን ይነካል። ሰውነት ደግሞ የነካውን ባዕድ ነገር ዝም አይልም፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥ በስስ ሽፋን ይሸፍነዋል፣ ጠባሳ ያበቅልበታል። ያኔ ሸምቀቆው የሚይዘው ጫፍ የለም። ጭቃ ውስጥ የገባ የባልዲ እጀታ ማለት ነው።

መሣሪያው ራሱም አይረጋም። ከአንገት እስከ ሆድ ድረስ የሚሄድ ቀጭን ነገር ነው። እላይ ስታዞረው እታች ወዲያው አይዞርም፤ ጠምዘዛው መሐል ላይ ይጠራቀምና በድንገት ይዘላል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ የደም ሥሩ ይሰፋል ይጠባል። ደም ያለማቋረጥ ይገፋል። ሐኪሙ ደግሞ የሚያየው የኤክስሬይ ጥላ ነው። ጥላው ጠፍጣፋ ስለሆነ ሸምቀቆው ከመንጠቆው ፊት ይሁን ኋላ ለማወቅ ማሽኑን ማዞር አለበት። አንድ ዓይን ጨፍኖ በመርፌ ክር እንደማስገባት ነው።

የእኛ ሥራ ይህንን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ማምጣት ነው። ከሲሊኮን የተሠራ ግልጽ ቱቦ አለን፤ ትልቁ የደም ሥር እሱ ነው። በውስጡ በ37 ዲግሪ የሞቀ የውኃና የግሊሰሪን ድብልቅ ይዞራል፤ ውፍረቱ ከደም ጋር እንዲቀራረብ። ፊልተሩን መጀመሪያ ቀጥ አድርጌ፣ ከዚያ በ10፣ በ15፣ በ20 ዲግሪ አዝምሜ አስቀምጣለሁ። ካሜራ በአንድ በኩል ብቻ ይቆማል፣ ልክ እንደ ኤክስሬዩ። ከዚያ እንሞክራለን፤ በስንት ደቂቃ ተያዘ፣ በስንት ኃይል ተጎተተ፣ ግድግዳውን ስንት ጊዜ ነካ።

መሣሪያን የማረጋጋት መንገዱ ብዙ ነው። አንዱ የቱቦውን ግድግዳ በተጠለፈ ሽቦ መሥራት ነው፤ እላይ ያዞርከው ያህል እታች እንዲዞር። ሌላው በአንድ ሸምቀቆ ፋንታ ሦስት ማድረግ ነው፤ አንዱ ቢስት ሌላው እንዲያገኝ። ሦስተኛው የቱቦውን ጫፍ መሐል ላይ ማቆም ነው። ጫፉ ላይ ፊኛ ቢነፋ መሐሉን ይይዛል፤ ግን ደሙን ይዘጋል። ስለዚህ አበባ እንደሚከፈት የሚዘረጋ፣ ግድግዳውን በቀስታ የሚደገፍ፣ ደም በመሐሉ የሚያሳልፍ ነገር ይታሰባል። እሱ ደግሞ ጠንከር ካለ የደም ሥሩን ያቆስላል፤ ከለሰለሰ አይደግፍም። እያንዳንዱ መልስ የራሱን ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ የአባቴን ነገር አወራኋቸው። አባቴ ገመዱ ሲያሰለቸው ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና አስሮ፣ መንጠቆውን ጫፉ ላይ አድርጎ ሞከረ። መወዛወዙ ቀረ። ግን አጠናው ድርቅ ያለ ስለሆነ ወደ ዘመመው እጀታ አይታጠፍም። በመጨረሻ ከአጠናው ጫፍ ላይ አንድ ክንድ የምታህል ገመድ ጨመረና መንጠቆውን እሷ ላይ አሰረ። እስከ ባልዲው ድረስ ድርቅ፣ የመጨረሻዋ አንድ ክንድ ላይ ልስልስ። ያቺ ሠራች። መሐንዲሶቹ ሳቁ፤ ምክንያቱም አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚሄድበት የእነሱ ንድፍ እሱው ነው። ውጭኛው ጠንካራ ሆኖ ቆሞ ይይዛል፣ ውስጠኛው ታጥፎ ይፈልጋል።

"ካልወጣልኝስ?"

ከሁሉ የማልረሳው ስብሰባ ግን ሌላ ነው። አንድ መሐንዲሳችን መንጠቆውን አንዴ ከያዘ በምንም የማይለቅ መያዣ ሠርቶ አቀረበ። እኔ ራሴ ሃምሳ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ አንዴም አላመለጠውም። ደስ ብሎናል። ለምክር የተጋበዘች ሐኪም እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አዳመጠችና አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

"ይዤው ካልወጣልኝስ? እንዴት ነው የምለቀው?"

ክፍሉ ጸጥ አለ። የማይለቅ መሣሪያ ደም ሥር ውስጥ ከተጣበቀ ፊልተር ጋር ከተያያዘ፣ አሁን ሁለት የቀሩ ነገሮች አሏችሁ ማለት ነው። አንዱ ደግሞ እስከ አንገት ድረስ ይመጣል። ያ ንድፍ ተመልሶ ሄደ። የተረጋጋ መሣሪያ ማለት የማይለቅ ማለት እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። በፈለጉት ጊዜ ይዞ፣ በፈለጉት ጊዜ የሚለቅ ማለት ነው።

ያ ጥያቄ እቴቴ ላይ እንደሚደርስ ግን አላሰብኩም። የመጀመሪያው ሙከራ ቤቷ አጠገብ ባለ ሆስፒታል ነበር። በረርኩና ሄድኩ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከልጇ ጋር ቁጭ ብለን አንድ ሰዓት አለፈ፤ አንድ ሰዓት ተኩል። እኔ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ፤ ማወቄ ነው የጎዳኝ። ሐኪሙ ወጣና "አልቻልንም" አለ። ጫፉ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል። ሸምቀቆውን ጫፉ ላይ ማድረስ አልተቻለም፤ ሽቦ በፊልተሩ እግሮች መሐል አዙረው ቢይዙትም ሲጎትቱት ግድግዳው አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ለቀቁት።

የአክስቴ ልጅ ተናደደ። "ትንሽ ቢጎትቱት ምን ነበረበት?" አለኝ። እኔ ግን ያን ሐኪም ማቀፍ ነበር ያማረኝ። ያቆመው ማቆም ባለበት ቦታ ነው። መሣሪያውም ለቀቀለት።

እቴቴ ስትነቃ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ወጣ?" ነበር።

"አልወጣም እቴቴ። ሌላ ቦታ እንሄዳለን።"

"እሺ፤ አራት ዓመት የኖረ እንግዳ በአንድ ቀን ውጣ ቢባል እሺ አይልም" አለች።

ሁለተኛው ሙከራ

የተቀበሩ ፊልተሮችን አዘውትረው የሚያወጡ ማዕከሎች አሉ። ብዙ የሚያወጡ እጆች ብዙ ያውቃሉ። እነዚህ ሐኪሞች ሁለት ነገር ከሌላ ሙያ ተውሰዋል። አንዱ ከአየር ቧንቧ ውስጥ ባዕድ ነገር ለማውጣት የተሠራ ረጅምና ጠንካራ መቆንጠጫ ነው። ሸምቀቆ የሚይዘው ጫፍ ሲያጣ፣ መቆንጠጫው ጠባሳውን ፈልፍሎ ጫፉን ይነክሳል። ጠንካራ ስለሆነ አይወዛወዝም፤ አጠናው ማለት ነው።

ሁለተኛው ሌዘር ነው። መጀመሪያ የተሠራው ከልብ ምት መቆጣጠሪያ ጋር ተያይዘው የተጣበቁ ሽቦዎችን ለማላቀቅ ነበር። የሰገባው አፍ ዙሪያውን 308 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የጨረር ብርሃን ያወጣል፤ የነካውን ጠባሳ በጥቂቱ እየላጠ ፊልተሩን ከግድግዳው ይለያል። የሚያስፈልገው የጉተታ ኃይል ይቀንሳል። ዘዴውን በዋናነት ያስፋፉት የስታንፎርድ ሐኪሞች ናቸው። እነሱ በ500 ሕሙማን ላይ ባካሄዱት ጥናት ከ99 በመቶ በላይ ወጥቷል፤ ከባድ ጉዳት የደረሰው በ2 በመቶ ገደማ ላይ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2021 ለፊልተር ማውጫ የሚሆን የሌዘር ሰገባ ፈቅዷል።

2 በመቶ ግን ዜሮ አይደለም። እቴቴን ቁጭ አድርገን ነገርናት። ቢቆይ ይሄ አለ፣ ብናወጣው ይሄ አለ። አሰበችበት። በነጋታው ደውላ "ይውጣ፤ የኔ ያልሆነ ነገር ይዤ አልቀበርም" አለች።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ወጣ። ሁሉም እግሮቹ አሉ፤ የተሰበረ የለም። ሐኪሟ በትንሽ ዕቃ ውስጥ አድርጋ አሳየችን፤ እኔም በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። እቴቴ መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው።

"ይሄ ነው?" አለች። "አሁን ይሄ የጃንጥላ አጥንት ነው አራት ዓመት የተሸከምኩት?"

ወገቧ ለመሻል ሳምንታት ወሰደበት። ለጥምቀት አገር ቤት ገባች። አውሮፕላኑ ውስጥ በየሰዓቱ ተነሥታ እንድትራመድ አስምያት ነበር፤ የተሳፋሪው እናት ሆና ሁሉንም እያስነሣች አራመደች አሉ።

ስልካችሁን አውጡ

እኔ አሁንም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ፊልተር ማዝመም፣ ሸምቀቆ መላክ፣ መመዝገብ። ግን አንድ ነገር ተለውጦብኛል። የተሻለ ማውጫ መሣሪያ ብንሠራም፣ እንዲወጣ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ መሣሪያው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ራሴን እጠይቃለሁ፤ ሦስት ዓመት ፊልተር ስነካካ፣ አደጋ ደርሶባት ሦስት ሳምንት የተኛች አክስቴን "ምን አደረጉልሽ?" ብዬ አልጠየቅኋትም። አጠገቤ የነበረውን መንጠቆ አላየሁትም።

ስለዚህ ይሄን የምታነቡት በስልካችሁ ከሆነ፣ እዚያው ላይ የሚሠራ ነገር ልስጣችሁ። ከቤተሰባችሁ፣ በተለይ ውጭ አገር ከሚኖሩት፣ ከባድ አደጋ ወይም ትልቅ ቀዶ ሕክምና ያለፈበት፣ ደም ረግቶበት የነበረ ሰው ካለ ጠይቁ፦ "ፊልተር ገብቶልሻል?" መልሱ "አላውቅም" ከሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ይታያል።

ካለ ሦስት ጥያቄ ይከተላል። ጊዜያዊ ነው ወይስ ቋሚ? መቼ ነው የሚወጣው? የሚከታተለውስ ማን ነው? ሲገባ የሚሰጥ ካርድ አለ፤ የፊልተሩ ዓይነትና የገባበት ቀን ይጻፍበታል። ፎቶ አንሡት። ቀኑን የስልክ ማስታወሻ ላይ አድርጉት። አገር ለቆ ለመግባት የሚያስብ ዘመድ ካለ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሐኪም በየቦታው ስለማይገኝ ነገሩን ቀድሞ ይጨርስ።

በተረፈ ማንም በራሱ አይደንግጥ፣ መድኃኒቱንም በራሱ አያቁም። ፊልተሩ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ፤ ሳይወጣ መኖር ያለበት ሰውም አለ። ያን የሚወስነው ሐኪም ነው። የእኛ ድርሻ ጥያቄው እንዳይረሳ ማድረግ ነው። ደግሞ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ በድንገት ካጠረ ነገ እሄዳለሁ አይባልም።

ባለፈው ሳምንት ለአባቴ ደውዬ የእቴቴን ፊልተር ፎቶ ላክሁለት። አሁን ጉድጓዱ ተከድኗል፤ ቧንቧ ገብቷል። ፎቶውን አይቶ ዝም አለ።

"ይሄን አንገቷ ላይ ገብተው ነው ያወጡት?"

"አዎ አባዬ።"

"ሲያስገቡትስ ማን ያወጣዋል ብለው አላሰቡም?"

መልስ አልነበረኝም። በነጋታው ሥራ ስገባ የአባቴን ጥያቄ በወረቀት ጽፌ የሲሊኮኑ ቱቦ አጠገብ ለጠፍኩት።